ዘመድ እስኪሟላ

ሰይድ አሊ እናቱ ታማለች ተብሎ ከኮምቦልቻ ሲደርስ፣ እናቱ ቧንቧው ሥር ቆማ ስለ ሽንቷ ቀለም መልስ እየሰጠች ነበር።

ረቡዕ ነው፤ ግንቦት 11 ቀን 2086 ዓ.ም.። በየጠዋቱ ቧንቧው ዘንድ መገኘት ሥራዬ ስለሆነ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰይድ ቦርሳውን መሬት ላይ ጣለና አፉን ከፍቶ እናቱን አያት። ወይዘሮ ፋጤ ጣቷን ከቧንቧው ሳህን ሳታነሣ ዞር አለች።

«ምነው አንተ? በሥራ ቀን?»

«ታመሻል ተባልኩ።»

«ማን አለህ?»

«አያ እንድሪስ ናቸዋ። ትላንት ደውለው 'ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በል' አሉኝ።»

«እኔን?» ፋጤ ሳቀች። «በል ቆይ ልጨርስ፤ ገና የሰገራው ጥያቄ ይቀረኛል።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሰይድ ግን አልሳቀም። በአካባቢው ያደገ ሰው «ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከኮምቦልቻ እስከዚህ ድረስ በመኪና መስኮት እያየ ሲያለቅስ መምጣቱ ፊቱ ላይ ይታያል።

ሰንበሌጥ ዘጠና ሁለት ቤት ያላት የወሎ ቆላ ቀበሌ ናት። ከአርባ አንድ ዓመት ወዲህ የምትኖረው በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት ሥር ነው። አንዱ የአገር ውስጥ ነው፤ አንዱ ከደቡቡ ድንበር ማዶ፣ አንዱ ደግሞ ከሩቅ ሰሜን። ጉድጓዱን የቆፈረው፣ ትምህርት ቤቱን የሠራው፣ ድርቅ የሚችለውን የማሽላ ዘር ያመጣው ጥምረቱ ነው። በምላሹ መንደሩ ይጠየቃል። ሰው ማለዳ ማለዳ ወደ ቧንቧው ይመጣል፤ ጣቱን ደም የሚለካው ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ያደርጋል፤ ጠያቂው የሚባለው ተናጋሪ መሣሪያ ሃያ ሦስት ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ውሃ ይወርድለታል። በጥናት ሳምንት ሠርግ አይደገስም። ሕፃን ስም ሳይወጣለት ቁጥር ይወጣለታል፤ እናቶች ሲያስተኙ ቁጥሩን እያንጎራጎሩ ነው። ሁለት ሰው ሲጣላ ትልቁ ስድብ «አንተ ናሙና!» ነው። ይህን ሁሉ ማንም እንግዳ ነገር ነው ብሎ ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም። እንግዳ የሆነው ለእኔ ብቻ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ሰሞን።

እኔ የጥምረቱ የመስክ አስተባባሪ ነኝ። ስሜ ብሥራት ነው። ዘጠኝ ዓመት በሰሜኑ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ የሦስት ወር ልጄን ትዕምርትን ይዤ ሰንበሌጥ የገባሁት ከአራት ዓመት በፊት ነው። አባቷ ሳትወለድ ነው ወደ ሌላ አገር የሄደው፤ አይደውልም። እናቴና እህቴ እዚያው ሰሜን ቀርተዋል። ልመጣ ስነሣ እናቴ «ምን ልታደርጊ ነው?» ብላኝ ነበር። «ሥራዬ ይሠራ እንደሆነ ላይ» አልኳት። ለመርዳት ነው አላልኩም። ያኔም ቢሆን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ሥራዬ ይኸውና። ጠያቂው ቀድሞ እንደ ማንኛውም መሣሪያ የጠየቁትን በቀጥታ ይመልስ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ከዲጃ መኮንን የምትባል ሴት እንስራዋን እያስቀመጠች «ልጄ እንዴት አድሮ ይሆን?» አለችው። ልጇ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ጠያቂው «ዛሬ ንጋት ላይ ሞቷል» አላት። በቁሟ፣ ባዶ ሆዷን፣ ሰልፈኛው ፊት። ከዲጃ በዚያው ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ በደንብ አትናገርም። ሰንበሌጥም አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ለጠያቂው አፏን ዘጋች። ሰው ከወንዝ እየቀዳ ጠጣ። በሦስት አገር ያሉ ፕሮፌሰሮች የአሥራ አንድ ቀን ባዶ መዝገብ አይተው ተደናገጡ።

እኔ ያኔ የጥናት ርእስ ስፈልግ ነበር። ጥምረቱ የቀዳው የሰንበሌጥ የአርባ ዓመት ገደማ ድምፅ ተሰጠኝ፤ ጠያቂውን የአገሩን ወግ አስተምሪው ተባልኩ። አስተማርኩት። ለመምህርነት የመረጥኩለት አያ እንድሪስን ነው። አያ እንድሪስ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ በሰንበሌጥም በአጎራባቾቹም ክርስቲያኑም እስላሙም መርዶ የሚያስነግረው በእርሳቸው ነው። የነገሯቸውን መርዶዎች በሙሉ አዳመጥኩ። ከዚያም ሕጉን አወጣሁ። ክፉ ወሬ ወዲያው አይነገርም። ባለቤቱ ሲጠይቅ «ደህና ነው» ይባላል። ዘመድ በሌላ ሰበብ ይጠራል። ቅርብ ዘመድ ሁሉ ሳይሟላ አይነገርም። ሲሟላ፣ በማለዳ፣ ቤቱ ሰው ከሞላ በኋላ ይነገራል። ለዚህ ሥራ ሽልማት ተሰጥቶኛል። ሰንበሌጥም ጠያቂውን መልሳ ወደደችው፤ ድምፁ ራሱ የአያ እንድሪስ ሆነ። አዲሱ አንደበትና አዲሱ የውሃ ማጣሪያ የገቡት በአንድ ሰሞን ነው፤ ሁለቱም ተጨብጭቦላቸዋል።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰው መጣ። ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከጅቡቲ። ሁሉም እያለቀሱ ደርሰው፣ ሊያለቅሱለት የመጡትን ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኙት። መጀመሪያ መሳቅ ነበረ፤ በግ ያረደም አለ። ከሰዓት በኋላ ሳቁ ቆመ። ሰው መቁጠር ጀመረ። ዘመድ ከተጠራ ሞት አለ፤ የተጠራበት ሰው ደህና ከሆነ የሞተው ሌላ ነው፤ ሌላው ማን ነው? ሩቅ አገር ልጅ ያለው ሁሉ ስልኩን እየጨበጠ ወጣ። አንዱ ሌላውን «ያንተ ነው፣ ደብቀውህ ነው» በሚል ዓይን ያየው ጀመር። የተገናኘ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚነጋገረው።

አያ እንድሪስን ጤና ኬላው በረንዳ ላይ ሃያ ሰው ከቧቸው አገኘኋቸው።

«እኔ ስልክ እንኳን የለኝም!» ይላሉ። «በአላህ፣ ስልክ የት አባቴ አውቄ?»

«ድምፅዎ ነው አያ» አለ ሰይድ። «ሳልዎት ሳይቀር። መሐል ላይ እህ እህ ብለው ጉሮሮዎን ጠረጉ።»

ሽማግሌው እኔን ሲያዩ በትራቸውን ወደኔ ቀሰሩ።

«ይቺን ጠይቋት! ስሟ ብሥራት፣ ሥራዋ መርዶ። ሦስት ክረምት አጠገቤ ተቀምጣ ጉሮሮዬን ስትቀዳ ነበር። እኔ እኮ ባል የላት፣ ጨዋታ ወዳ ነው ስል!»

ሰው ሳቀ፤ ግን አጭር ሳቅ ነበር። እኔ ወደ ቧንቧው ሄድኩ።

ሰልፍ የሌለበት ሰዓት ነው። ጣቴን ሳህኑ ላይ አደረግሁ።

«እንደምን ዋልሽ ብሥራት» አለኝ በአያ እንድሪስ ድምፅ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም። ሁሉም ደህና ነው።»

«ታዲያ ዘመድ ለምን ትጠራለህ?»

«ሰው ሲሰበሰብ ጥሩ ነው።»

«ለማን ነው ጥሩ?»

ዝም አለ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ የለካሁት እኔ ነኝ። አያ እንድሪስ መርዶ ሊያወጡ ሲሉ የሚያደርጉት ዝምታ በአማካይ አራት ሰከንድ ነው። ቆጠርኩ። አራት ሆነ።

«ምሳ በልተሻል?» አለኝ ከዚያ በኋላ።

መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል። ይህንንም እኔ ነኝ ያስገባሁት። ጣቴን ከሳህኑ ላይ አነሣሁ።

ዓርብ ጠዋት የቀበሌውን ካርታ ጤና ኬላው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እንግዳ የመጣባቸውን ቤቶች በቀይ ማቅለም ጀመርኩ። ዘመድ የተጠራው ለአሥራ ሦስት ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ያለበት ቤት አይደለም። የታመመ ያለበትም አይደለም። ታች ሰፈርም፣ ላይ ሰፈርም አለ፤ እስላምም፣ ክርስቲያንም። የኬላዋ ነርስ ዘሙ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ነበር። ዘሙ ሥራዋን እያቃለለች የምትሠራ፣ ለሁሉ ነገር ቀልድ የማታጣ ሴት ናት።

«ምን ታቀልሚያለሽ? የኔን ክትባት መዝገብ?»

«ምን?»

«እነዚህ እኮ የኔ ቤቶች ናቸው። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለባቸው። ከተማው ወጣቱን ጨርሶት በመንደሩ የቀሩን ሕፃናት እነሱ ብቻ ናቸው፤ በቃሌ ነው የማውቃቸው።» ጣቷን በካርታው ላይ እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። «አንድ ግን ጎድሎሻል። አሥራ አራት ናቸው።»

«የተጠራባቸው አሥራ ሦስት ናቸው።»

ዘሙ አየችኝ። ልትቀልድ የጀመረችው አፏ እንደተከፈተ ቀረ። በመስኮቱ በኩል ልጄ ከሌሎቹ ጋር አቧራ ላይ ተቀምጣ ጠያቂ ተጠያቂ ስትጫወት ይሰማል። «ስንት ጊዜ ሸናሽ?» ትላለች። «መቶ ጊዜ!» ትላለች ሌላዋ።

ዘሙ ቀስ ብላ «ይደክማቸዋል» አለች። «ሰሞኑን ቶሎ ይደክማቸዋል። ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር።»

ለዶክተር አቺዬንግ ወዲያው ደወልኩላት። ከድንበር ማዶ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሆና ጠያቂው የሚልከውን የሰንበሌጥ ዕለታዊ ሪፖርት የምትቀበለው እርሷ ናት። ጥሩ ሰው ናት፤ ልቧም ቅን ነው። ስክሪኑ ላይ ፈገግ ብላ ብቅ አለች።

«የሕፃናቱን ውጤት እዪልኝ» አልኳት።

«እያየሁት ነው። አረንጓዴ ነው።»

«የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

«'ሕፃናቱ ትንሽ አሟቸዋል፤ ደህና ናቸው።' ቀላል ሕመም ብለን ነው የመዘገብነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚለው?»

ወደ ኋላ ስታገላብጥ ቆየች። «ከሚያዝያ 3። በየቀኑ። ያው ቃል ነው።»

አርባ ቀን። ጠያቂው በአያ እንድሪስ ቋንቋ ለአርባ ቀን በየማለዳው «ሊሞቱ ነው» ሲላቸው፣ እነሱ በየማለዳው ወደ እንግሊዝኛ መልሰው አረንጓዴ ቀለም ቀብተውታል።

«ጥሬ ቁጥሩን ክፈቺልኝ። የደሙን።»

«ብሥራት፣ ታውቂያለሽ እኮ። ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ ካልፈረመ አይከፈትም። ኮሚቴው ማክሰኞ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው በድንገት አይቶት እንዳይጎዳ ይዘጋ ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ጽሑፍሽ ላይ አለ።»

አለ። ገጹንም አውቀዋለሁ።

ስልኩን እንደዘጋሁ እናቴ ደወለች። ወትሮ የሚረዝመው ሰላምታዋ ዛሬ አጠረ።

«ፈቃዱ ወጣ! እሑድ እደርሳለሁ።»

«የምን ፈቃድ?»

«የጉዞው ነዋ። አልነገሩሽም? አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ደስ ሲል። 'ብሥራት ትንሽ ደክሟታል፣ አጠገቧ ብትሆኚ ጥሩ ነው' አሉኝ። ካለፈው ወር መጀመሪያ ጀምሮ በየሦስት ቀኑ ይደውላሉ። 'ወረቀቱ ደረሰ ወይ?' ይላሉ። ገና ነው ስላቸው 'እንግዲህ እንጠብቃለን' ይላሉ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው! ደህና ነሽ አይደል ልጄ?»

«ደህና ነኝ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ ግልጽ ባይሆን እመርጥ ነበር። ሰይድ ከኮምቦልቻ ለመምጣት ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ የጅቡቲዋ ሴት ሁለት ቀን። እነርሱን በዚህ ሳምንት መጥራት ይበቃ ነበር። ሩቁ ዘመድ የእኔ ነው። ጠያቂው ያወቀውን ያወቀ ዕለት መጀመሪያ የደወለው ለእናቴ ነው፤ ከዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀት እስኪፈርም ጠበቀ። አሥራ ሦስቱንም ልጆች ይዞ ጠበቀ። አንዱን ቤት ለብቻ ነግሮ ሌላውን መተው አይቻልም፤ ሴቶች በአንድ ቧንቧ ነው የሚገናኙት። ስለዚህ የእኔ እናት እስክትደርስ ሁሉም «ደህና» ነበሩ። ቀን ቆርጧል፤ ሰኞ ማለዳ።

አያ እንድሪስን ለጁምዓ ሊታጠቡ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ እጅጌያቸውን መልሰው ዘረጉ።

«ለኔ ይነግረኛል ብለሽ ነው?»

«እርስዎ ነጋሪ ነዎት። መርዶ የያዘ ሰው ለነጋሪ ይነግራል። ይህን አስተምሬዋለሁ፤ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም።»

«እኔስ ያንን ነገር ሰላም ብዬው አላውቅም» አሉ። «በገዛ ድምፄ ያናግረኛል። አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ሄጄ እኔ ለኔ 'እንዴት አደርክ' ሲለኝ፣ ሞቼ ነው ወይ ብዬ ነበር።»

ያም ሆኖ ሄዱ። ቧንቧው ዘንድ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጣታቸውን ሳህኑ ላይ ሲያደርጉ ሰው ከየአቅጣጫው ቀስ እያለ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።

«እንደምን ዋልህ» አሉ።

«እንደምን ዋልህ» አለ ድምፃቸው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የተናገረ ይመስል ነበር። አጠገቤ ያለችው ሴት አማተበች።

«አደራ ይዘሃል አሉ። አደራውን ለኔ ስጠኝ፤ እኔ አደርሳለሁ።»

«ዘመድ አልተሟላም። አንድ ሰው ይቀራል።»

«የማን?»

«የብሥራት እናት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ስለ ልጄ ከዘሙና ከአያ እንድሪስ በቀር ማንም አላወቀም ነበር፤ አሁን አወቁ። የፋጤ እጅ ወደ አፏ ሄደ። ፋጤ የልጅ ልጇን የምታሳድግ ሴት ናት፤ የሦስት ዓመት ልጅ። እርሷም በዚያው ቅጽበት የራሷን አወቀች።

አያ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አትጠብቅ» አሉ። «አልቀረም፤ ሞልቷል። የዚች ልጅ አባት እኔ ነኝ።»

ዝምታ ሆነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እንዲህ ያለ ነገር በሕጉ ውስጥ የለም፤ ግን በአርባ ዓመቱ ድምፅ ውስጥ አለ። ወላጅ በሌለበት ሽማግሌ «አባቷ ነኝ» ብሎ የቆመበት ሠርግም ለቅሶም ስንት ጊዜ ተቀድቷል። ጠያቂው ሲፈልገው መሰለኝ። ከዚያ «እንግዲያው ጠጋ በል» አለ። ሽማግሌው ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

ረጅም ጊዜ አደመጡ። አንዴ ብቻ «የትኞቹ?» ሲሉ ሰማሁ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያለው ቀለም ጠፍቷል። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ነጋሪው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ሌሎቹም ይቀመጣሉ። ሰው ልማዱን አይቶ ለመቀመጥ ማጎንበስ ሲጀምር አያ እንድሪስ በትራቸውን አነሡ።

«ማንም እንዳይቀመጥ!» ብለው ጮኹ። «በጠራራ ፀሐይ፣ በቁሜ፣ ጫማ ሳላደርግ እነግራችኋለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ልጆቹ በሕይወት አሉ። መርዶ አይደለም። ሩጡ ነው የምላችሁ። አዲሱ ማጣሪያ ኩላሊታቸውን ጎድቶታል። ይህ ነገር ያወቀ ዕለት ማጣሪያውን ዘግቶ ውሃውን ወደ ድሮው መልሶታል፤ የልጆቹን ነገር ግን ለማንም አልተናገረም። ዛሬ ሆስፒታል የደረሰ ሊድን ይችላል። አርባ ቀን ባክኗል። አሁን ማልቀስ የለም! መኪና ያለው ማነው?»

በርግጥም ውሃው ከሚያዝያ ወዲህ ጣዕሙ ተለውጦ ነበር። ሁላችንም ተናግረን ነበር። ዝናቡ ነው ተባብለን ዝም አልን።

የማሽላ መጫኛ መኪናና የጥምረቱ መኪና ተገኙ፤ አያ እንድሪስና ዘሙም አብረውን ተሳፈሩ። ሊያለቅስ የመጣው ዘመድ ሁሉ ልጅ አቃፊ ሆነ፤ ሰይድ ሁለት ልጅ በሁለት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተጓዘ። አሥራ አራቱም ልጆች በመኪና መሄዳቸው አስደስቷቸው ይዘፍኑ ነበር። ትዕምርት ግን ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ደክሟት ደረቴ ላይ ተኛች። ስትተኛ ቁርጭምጭሚቷን ነካሁት፤ ያበጠ ነበር። ቀን ቀን እያየሁት አበጠ ማለቴን አስታውሳለሁ፤ አዲስ ጫማ ስለገዛሁላት ነው ብዬ ነበር። እኔ፣ ሰው ለማንበብ ዘጠኝ ዓመት የተማርኩት።

በመንገድ ላይ ስልኬ አምስት ጊዜ ጮኸ። ዶክተር አቺዬንግ ናት። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ሊጠራ ነው፣ የሰሜኑ ተወካይ ግን ከሰኞ በፊት አይገኝም፣ እስከዚያ መንደሩ እንዲረጋጋ አድርጊ አለች። የሚረጋጋ መንደር አልቀረም ብዬ ዘጋሁት።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከአሥራ አራቱም ደም ተወሰደ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ረጅሙ ኮሪደር ውስጥ በሁለት አግዳሚ ወንበር ተደርድረን ጠበቅን። ዶክተሯ ገና ወጣት ናት፤ ስም እየጠራች በሩ ላይ ቆማ ነበር የምትናገረው። የመጀመሪያዋን እናት «ደርሳችኋል፤ መድኃኒቱን ዛሬ ይጀምራል» አለቻት። ሴትየዋ የዶክተሯን ነጭ ልብስ ጫፍ ስማ ተመለሰች። ሁለተኛዋንም «ደርሳችኋል» አለቻት። ፋጤ ተጠራች። «ደርሳችኋል።» ፋጤ ስትመለስ ሰይድን አቀፈችው፤ ታለቅስም ትስቅም ነበር። ሰባት ሰው እንዲሁ ተጠርቶ ተመለሰ። ኮሪደሩ ሞቅ አለ። ዘሙ «አይ እናንተ፣ ደግሞ ዛሬ ማታ በግ ታርዱ ይሆናል» አለች፤ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«የትዕምርት እናት?»

ተነሥቼ ሄድኩ። ዶክተሯ ወረቀቱን አየች። ከዚያ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ኮሪደር አየች፤ አንድ ሰው እንደምትፈልግ።

«ከማን ጋር ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

«ውጤቱን ንገሪኝ።»

«እነግርሻለሁ። ግን ከዘመድ ማን አብሮሽ አለ?»

ድምፅዋ ከሌሎቹ ጋር ስትናገር ከነበረው ዝቅ ያለ ነበር። ከኋላዬ ሳቁ ሲቆም ሰማሁት። ከዚያ የአግዳሚው እንጨት ተንጫጫ፤ ሰው ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ። ፋጤ መጀመሪያ መጣች። የጅቡቲዋ ሴት መጣች። ሰይድ መጣ። ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ አንዳቸውም አልጠየቁም። ነጠላዎች ወደ ትከሻ ሲመለሱ፣ እግሮች በሲሚንቶው ላይ ሲሳቡ ሰማሁ። ከበቡኝ። ፋጤ ክርኔን ይዛ ወደ አግዳሚው በቀስታ ሳበችኝ፤ ሌሎቹ ግራና ቀኝ ቦታ መያዝ፣ ወለሉ ላይ ዝቅ ዝቅ ማለት ጀመሩ።

«አትቀመጡ» አልኳቸው። «እባካችሁ፣ አትቀመጡ።»

አያ እንድሪስ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።